የሮማ ዘመን ስልታዊ ጨዋታ በወረቀት ላይ እንዴት ይሠራል፦ ከጋሻው እስከ ምርጫው

እንደ ኤክስፔዲሽንስ ሮም ያለ ተራ በተራ የሚካሄድ የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫወተ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «እኔም የራሴን መሥራት አምሮኛል። የትኛውን ፕሮግራም ላውርድ?» ይለኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ፕሮግራሙ ይቆይ፤ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሥራው። እንዴት ለሚለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ወረቀት የሚሻልበት ምክንያት ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ አንድ ሕግ ለመቀየር ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ወረቀት ላይ በላጲስ ታጠፉታላችሁ፣ በእርሳስ ትጽፉታላችሁ፣ አለቀ። ጨዋታው ወረቀት ላይ ካሰለቸ ደግሞ ባማረ ሥዕል አይድንም።

ይህን መመሪያ ስትጨርሱ ሁለት ነገር ይኖራችኋል። አንደኛው 45 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ውጊያ ነው። ሁለተኛው ያንን ውጊያ የሚነካ አንድ የታሪክ ምርጫ። ሌላው ሁሉ በእነዚህ ላይ የሚገነባ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር፣ ወይም በማስመሪያ ካሬ የተሠራበት ትልቅ ወረቀት
- 20 ቆርኪ። ሮማውያኑና ጠላቶቹ እንዲለዩ ሁለት ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው
- በቆርኪው ላይ ቀስት ለመሣል ማርከር
- እርሳስና ላጲስ። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቁጥሮቹ ይቀያየራሉ
- አንድ የሉዶ ዳይስ
- 30 ፍሬ ሽምብራ
- 10 የክብሪት እንጨት
- ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ አንድ ሰው። እሱን የምትፈልጉት መጨረሻ ላይ ነው፤ አሁን ምንም አትንገሩት

ማስጠንቀቂያ፦ ከ1 እስከ 7 ያሉት ደረጃዎች ሠርተው ሳታዩ ታሪኩን መጻፍ አትጀምሩ። ውጊያው ሲቀየር የምርጫው ዋጋም ይቀየራል። አስቀድማችሁ የጻፋችሁት ታሪክ ደግሞ ለመጣል ያሳሳል፤ እሱን ለማዳን ስትሉ ውጊያውን ታበላሻላችሁ።

1. አንድ ቦታና አንድ ሌሊት ምረጡ

«የሮማ ግዛት» ብላችሁ አትጀምሩ። አያልቅም። አንድ ሌሊት ይበቃል።

እኔ የምጠቀመው የአሌሲያ ከተማን ከበባ ነው። ዘመኑ ቅ.ል.ክ. 52፣ አገሩ ጎል ነው፤ በአብዛኛው የዛሬዋ ፈረንሳይ። የጎላውያኑ መሪ ቨርሲንጌቶሪክስ ከነሠራዊቱ ኮረብታ ላይ ባለች ከተማ ውስጥ ተከቧል። ዩልዮስ ቄሳር ከተማዋን በአፈር ካብና በቦይ ዙሪያዋን አጥሮታል። ከውጭ የሚመጣ አጋዥ ጦር እንዳለ ስላወቀ ደግሞ ወደ ውጭ የሚመለከት ሁለተኛ አጥር ሠርቷል። የሮማ ወታደር በሁለት ጠላት መካከል ነው ያለው።

ይህን ቦታ የመረጥኩት ለዲዛይን ስለሚመች ነው። ጠላት ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። የሚከላከሉት ነገር ግልጽ ነው። ምግብ የተቆጠረ ነው። እናንተ ሌላ ብትመርጡ እነዚህ ሦስቱ መኖራቸውን አረጋግጡ።

2. ሰዎቹን አምስት አድርጉ

አንድ ሌጌዎን፣ ማለትም የሮማ ጦር ዋና ክፍል፣ በሺህዎች የሚቆጠር ሰው ነበረው። በአንድ የመቶ አለቃ ሥር 80 ያህል ወታደሮች ነበሩ፤ ስሙ መቶ ቢልም። ከዚያ በታች ያለው ትንሹ ክፍል ደግሞ በአንድ ድንኳን የሚያድሩ 8 ሰዎች ናቸው። የእናንተ ጨዋታ የእነዚህ ድንኳን ነው። ሦስቱ ሌላ ቦታ ዘብ ላይ ናቸው በሉ። አምስቱ በተጫዋቹ እጅ ይሁኑ።

ለምን አምስት? እኔ መጀመሪያ በ12 ሞክሬ ነበር። አንዱ ውጊያ ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ የማንም ስም አልተያዘም። አምስት ከሆኑ ግን ተጫዋቹ በሁለተኛው ተራ ላይ «ጋይዮስ ይምጣ» ማለት ይጀምራል። ኋላ የታሪኩ ምርጫ የሚሠራው በዚህ ነው። ስሙን የማያውቀው ሰው ቢራብ ማን ግድ ይሰጠዋል?

ስም ስጧቸው፦ ጋይዮስ፣ ሉቅዮስ፣ ቲቶስ፣ ማርቆስ፣ ቁንጦስ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። ጋይዮስ አገር ቤት ትንሽ ልጅ አለው። ሉቅዮስ ትእዛዝ ሲጣስ አይወድም። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

እያንዳንዱ 6 ነፍስ አለው፤ በደረሰበት ጉዳት ልክ ይቀነሳል። በአንድ ተራ ሁለት ድርጊት ይፈጽማል፦ 4 ካሬ መሄድ፣ በሰይፍ መምታት፣ ጦር መወርወር፣ ቦታ መለዋወጥ ወይም የወደቀ ሰው መጎተት። ከሁለቱ ድርጊቶች ምት መሆን የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ከፈቀዳችሁ ተጫዋቹ ቆሞ መደብደብ ብቻ ነው የሚመርጠው፤ ሰሌዳው ትርጉም ያጣል።

3. ሰሌዳውን ሣሉ

12 ካሬ ወርድ፣ 10 ካሬ ቁመት። ታችኛው ረድፍ 1 ነው። ጠላት በረድፍ 10 ይገባል። ረድፍ 3 ላይ ከዳር እስከ ዳር የአፈር ካብ ይሁን። መሐል ላይ ግን 4 ካሬ የሚሆን ቦታ ፈርሷል። ጠላት ማለፍ የሚችለው በዚያ ብቻ ነው።

ሦስት ጠላቶች ረድፍ 1 ከደረሱ ተጫዋቹ ተሸነፈ። 8 ተራ ከያዘ አሸነፈ።

የፈረሰው ቦታ ስፋት ዋናው ቁጥር ነው። 4 ያደረግኩት በምክንያት ነው። አምስት ሰው አለህ። አራቱን ብታሰልፍ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ደጀን የሚሆንህ ግን አንድ ብቻ ነው። ሦስት ብታሰልፍ ሁለት ደጀን ይኖርሃል፤ አንድ ካሬ ግን ክፍት ይቀራል። ሁለቱም ያስኬዳል፣ ሁለቱም ያሳስባል። 3 ካሬ ብታደርጉት መልሱ አንድ ይሆናል። 6 ብታደርጉት ምንም መልስ አይኖርም።

4. ከሰይፉ በፊት ጋሻውን ሥሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ሰይፉ ስንት ይጎዳል» ብሎ ነው። የሮማ ውጊያ ግን የጋሻ ውጊያ ነው። ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦

የሰይፍ ምት 4 ይጎዳል። ጋሻ ከፊትና ከግራ 3 ይቀንሳል። ከቀኝና ከኋላ ምንም አይቀንስም።

ጋሻ በግራ እጅ ስለሚያዝ ቀኝ ጎን ክፍት ነው። ቆርኪው ላይ ቀስት ሣሉ፤ ፊቱ ወደዚያ ነው ማለት ነው። አቅጣጫ መቀየር የሚቻለው በራስ ተራ ብቻ ይሁን። በሰያፍ መምታት አይቻልም።

አሁን ሂሳቡን እዩት። ጋሻ የያዘን ሰው ከፊት ስትመታው 1 ብቻ ትጎዳዋለህ። ለመጣል 6 ምት ይፈጃል። ከቀኝ ከመጣህበት ግን 2 ምት ይበቃል። ይህ ልዩነት ነው ተጫዋቹን የሚያንቀሳቅሰው።

«ጎን ለጎን የቆሙ ወታደሮች ይደጋገፋሉ» የሚል ተጨማሪ ሕግ አትጻፉ። አያስፈልግም። በቀኝህ ጓደኛህ ቆሞ ከሆነ ጠላት እዚያ ካሬ ላይ መቆም አይችልም። ሰልፉ በራሱ ጠቃሚ ሆነ። ክፍት ካሬ መተው ካስፈለገም በግራ በኩል መተው እንደሚሻል ተጫዋቹ ሳይነገረው ይደርስበታል። ያቺን ቅጽበት አትስረቁበት።

ጠላቶቹም ያው ሕግ ይሠራባቸዋል። 6 ነፍስ፣ 4 ጉዳት፣ ጋሻ።

5. ፒሉሙ ጋሻ ይንጠቅ

ፒሉም የሮማ ወታደር የሚወረውረው ከባድ ጦር ነው። ቄሳር በቅ.ል.ክ. 58 ሄልቬታውያን ከሚባሉ ሕዝቦች ጋር ስላደረገው ውጊያ ሲጽፍ ጦሩ ጋሻቸው ላይ ተሰክቶ አልነቀል እንዳላቸው ይናገራል። ብዙዎቹ እጃቸውን ቢያወዛውዙም አልሆነላቸውም፤ በመጨረሻ ጋሻቸውን ጥለው ባዶ ሰውነታቸውን ተዋጉ። ከዚህ የተሻለ የጨዋታ ሕግ ፈልጌ አላገኘሁም።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ፒሉም ስጡ፤ በጠቅላላው 10። የክብሪት እንጨቶቹ ለዚህ ናቸው። እስከ 3 ካሬ ርቀት ዳይሱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ መታ። በ4 እና በ5 ካሬ ርቀት 5 ወይም 6 መውጣት አለበት። ማለትም ከቅርብ ከሦስት ሁለቴ፣ ከሩቅ ከሦስት አንዴ ይመታል። ከመታ ጋሻው ጠፋ። ሰውየው ጋሻ ከሌለው ደግሞ 4 ይጎዳዋል። የተወረወረ ጦር ውጊያው እስኪያልቅ አይነሳም።

ዳይስ የሚጣለው እዚህ ብቻ ነው። ሰይፍ ላይ ዳይስ አታስገቡ። ተጫዋቹ አቅዶ፣ ዞሮ፣ ከጎን ደርሶ «ሳትክ» ሲባል ይናደዳል፤ ልክም ነው። ከሩቅ የተወረወረ ጦር ቢስት ግን ማንም አይከፋውም።

6. ድካምና መተካካት

በተከታታይ 3 ተራ የመታ ሰው በአራተኛው ምቱ 3 ይሆናል። ከፊት ጋሻ ላይ ሲያርፍ ምንም አይጎዳም ማለት ነው። አንድ ተራ ሳይመታ ካለፈ ይታደሳል። ከኋላው ካለው ጓደኛው ጋር ቦታ መለዋወጥ 1 ድርጊት ያስከፍላል።

ይህ ሕግ ከሌለ ደጀን ማስቀመጥ ትርጉም የለውም፤ ሁሉም ፊት ይሰለፋል። ሮማውያን ሁለተኛና ሦስተኛ መስመር ከኋላ የሚያቆዩት ለማሳመር አልነበረም።

7. ጉድጓዱን ተጫዋቹ ይቆፍር፣ ጠላት ሐሳቡን ይናገር

አሌሲያ ላይ ሮማውያን ሦስት ጫማ ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ቆፍረው፣ ሹል እንጨት ተክለው፣ በጭራሮ ሸፍነዋቸዋል። በስምንት ረድፍ ነበሩ። ወታደሮቹ ከአበባ ጋር አመሳስለው «ሊሊ» ብለው ይጠሯቸው ነበር።

ተጫዋቹ ከውጊያው በፊት በረድፍ 5፣ 6 እና 7 ላይ 6 ጉድጓድ ምልክት ያድርግ። የገባበት ጠላት 2 ነፍስ ያጣል፤ ተራውም እዚያው ያበቃል። የራሱ ሰውም ከገባበት ያው ነው። ይህ የመጨረሻው አስፈላጊ ነው። አለበለዚያ ተጫዋቹ እየወጣ ማሳደድ ይጀምራል።

ጎላውያኑም ሞኞች አልነበሩም። ጉድጓድና ቦይ መሙያ ይዘው፣ መሰላልና መንጠቆ አዘጋጅተው ነው በእኩለ ሌሊት የመጡት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጠላት የጭራሮ እስር ይሸከም። ጋሻ የለውም። ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ሳይጎዳ ይሞላዋል። በዚህም ለተጫዋቹ ጥሩ ጭንቀት ሰጣችሁት፦ ያሉትን 10 ጦሮች ጋሻ ለመንጠቅ ይጠቀምባቸው ወይስ ተሸካሚውን ለመጣል?

ጠላቶቹ በሦስት ዙር ይግቡ፦ በተራ 1 አራት፣ በተራ 3 ሦስት፣ በተራ 5 ሦስት። እንዴት እንደሚያስቡ ይህን ቅደም ተከተል ተከተሉ፦

ሀ. አጠገቡ ቀኙ ወይም ጀርባው የተጋለጠ ሮማዊ ካለ እሱን ይመታል።
ለ. ከሌለ፣ በ4 ካሬ ውስጥ ክፍት መተላለፊያ ካለ ወደዚያ ይሄዳል።
ሐ. ካልሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን ይመታል፤ ወይም በአጭሩ መንገድ ይቀርባል።

ተጫዋቹ ተራውን ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ጠላት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ በትንሽ የወረቀት ቀስት አሳዩ። የተደበቀ ጠላት የሚያስፈራ ይመስላል፤ ግን ያስገምታል እንጂ አያሳስብም። የሚመጣውን እያየ ሁሉን መድረስ የማይችል ሰው ነው በደንብ የሚያስበው።

አንድ ነገር ጨምሩ። ተጫዋቹ አንዴ ብቻ ደጀን መጥራት ይችላል። በዚያ ሌሊት የቄሳር አዛዦች ማርክ አንቶኒና ትሬቦኒዮስ ሩቅ ካሉ ምሽጎች ሰው እያነሱ ወደተጨነቀው ቦታ ይልኩ ነበር። በጨዋታው ሁለት ሰው ከ2 ተራ በኋላ ይደርሳል። ዋጋው፦ በሚቀጥለው ውጊያ ከአምስቱ አንዱ ወደዚያ ምሽግ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቁሙና ሁለት ሦስት ጊዜ ለብቻችሁ ተጫወቱት። ካልሠራ ወደ ታች አትውረዱ።

8. የወደቀ ሰው አይሙት

ነፍሱ 0 የደረሰ ሰው ወድቋል እንጂ አልሞተም። በ3 ተራ ውስጥ አንድ ሰው ወደ ረድፍ 1 ወይም 2 ከጎተተው ይተርፋል። መጎተት ሁለቱንም ድርጊት ይወስዳል።

ሮማውያን በውጊያ ላይ የዜጋን ሕይወት ላዳነ ሰው የባሉጥ ቅጠል አክሊል ይሸልሙ ነበር። ወጣቱ ቄሳርም ሚቲሊኒ የተባለችው ከተማ በተያዘች ጊዜ ይህን አክሊል አግኝቷል። የዳነው ሰው አዳኙን እንደ አባቱ ማክበር ይጠበቅበት ነበር። ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦ የጎተተው ሰው ቅጠል ያገኛል፤ አንድ ጊዜ አንድ ምት ያስቀርለታል። የዳነው ሰው ስም አጠገብ ደግሞ ያዳነውን ስም ጻፉ። ይህች ማስታወሻ ደረጃ 10 ላይ ታስፈልጋችኋለች።

ይህ ደረጃ ትንሽ ቢመስልም ውጊያውንና ታሪኩን የሚያስረው እሱ ነው። ጠላት ክፍተቱን እየሰበረ ሳለ ሰው ልትጎትት መዞር ከባድ ነው። ማን ለማን እንደዞረ ደግሞ አይረሳም።

9. ስንቁን ቁጠሩ

ቄሳር ከመጨረሻው ፍልሚያ በፊት እያንዳንዱ የ30 ቀን እህልና መኖ እንዲያዘጋጅ አዞ ነበር። እኛ እናሳጥረው። 30 ፍሬ ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አንዷ ፍሬ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ምግብ ናት። አምስት ሰው፣ ስድስት ቀን። በትክክል ይበቃል፤ ፍርፋሪ እንኳ አይተርፍም።

ያው የአንድ ሌሊት ውጊያ በቀን 2፣ በቀን 4 እና በቀን 6 ሌሊት ይደገማል። አንድ ሰው ሳይበላ ለዋለበት ለእያንዳንዱ ቀን ቀጥሎ የሚመጣውን ውጊያ በ2 ነፍስ ቀንሶ ይጀምራል።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ አትጻፉት። ፍሬው ራሱ ይታይ፣ ይነሳ፣ ይቀነስ። በእጅ የሚነሳ ነገር ከተጻፈ ቁጥር ይልቅ ይከብዳል።

10. ምርጫውን ከዋጋው ጀምራችሁ ጻፉ

አሁን ታሪኩ መጣ። አሌሲያ የማንዱቢ ሰዎች ከተማ ነበረች። ከበባው ሲጠና ውስጥ ያሉት ተዋጊዎች እህል ለመቆጠብ ብለው የከተማዋን ነዋሪዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አስወጧቸው። እነሱም ወደ ሮማውያኑ ካብ ቀርበው እያለቀሱ ለመኑ። «ባሪያ አድርጋችሁ ውሰዱን፤ ብቻ የምንበላው ስጡን» አሉ። ቄሳር ዘብ አቁሞ ማንም እንዳይገባ ከለከለ። በሁለቱ መካከል ቀሩ።

በጨዋታችሁ በቀን 3 ጠዋት ከእነዚህ ሰዎች ሦስቱ በተጫዋቹ ካብ ሥር ቆመዋል። አንዲት እናት፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ልጅ። የቀረው ሽምብራ 20 ነው። የቀረው ቀን 4 ነው።

መጀመሪያ ይህን ጻፉ፦

ሀ. መመለስ። ሽምብራ አይቀነስም። ጋይዮስ ግን በሚቀጥለው ውጊያ ቦታ ለመለዋወጥ እሺ አይልም።
ለ. ሌሊት እንጀራ መወርወር። 3 ሽምብራ። ሉቅዮስ ለመቶ አለቃው ይናገራል፤ በቅጣት አንድ ሰው ሌላ ቦታ ዘብ ይቆማል፣ ወደ ቀጣዩ ውጊያ የሚገባው በተራ 3 ነው።
ሐ. ልጁን ደብቆ ማስገባት። በቀን 1፣ በጠቅላላው 4 ሽምብራ። ልጁ የከተማዋን በር ያውቃል፤ ከውስጥ የሚመጣው ጠላት በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ይነግራችኋል። ሉቅዮስ አይቷል።

እንጀራ ያልኩት ለእኛ እንዲቀርብ ነው፤ ወታደሩ የሚጋግረው የስንዴ ቂጣ ነበር።

ከዋጋው በኋላ ነው ንግግሩ የሚጻፈው። አጭር ይሁን። እናትየው አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገር። ጋይዮስ ዝም ይበል።

ተጫዋቹ ከአምስቱ አንዱን የድንኳኑ አለቃ አድርጎ መርጧል እንበል። ቀድሞ ሉቅዮስን ከሞት ያዳነው ይህ አለቃ ከሆነ ሉቅዮስ አይናገርም። ደረጃ 8 ላይ የጻፋችኋት ማስታወሻ እዚህ ተከፈለች። ተጫዋቹ ይህን ሲያይ ውጊያ ላይ ያደረገው ነገር ሁሉ እንደሚቆጠር ይገባዋል።

ዋጋ ለምን ቀድሞ እንደሚጻፍ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእህቴን ልጅ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አስነበብኩት። ያኔ ሽምብራ አልነበረም። ገጽ ሙሉ የሚያስለቅስ ንግግር ነበር። አንብቦ ሳይጨርስ «ላስገባቸው» አለና ቀጠለ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም። በሌላ ቀን ሽምብራውን አስቀምጬ፣ ንግግሩን ወደ ሦስት መስመር ቆርጬ ደገምኩት። ፍሬዎቹን ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ «አጎቴ፣ አንዱ ሰው ብቻ ሁለት ቀን ቢጾምስ?» አለኝ። ይቻላል አልኩት፤ 2 ነፍስ ይዞ ይገባል። ዝም ብሎ አሰበና የቁንጦስን ቆርኪ አንስቶ ከኋላ መስመር አኖረው። ልጁን ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ጥያቄ ነው የምትፈልጉት። ተጫዋቹ ስለ ሰዎቹ ማሰብ ጀምሯል።

ማስጠንቀቂያ፦ ደግ ምርጫን በወርቅ አትካሱ። ልጁን ያስገባ ሰው ቀን 6 ላይ ከእህሉ የሚበልጥ ሽልማት ካገኘ ምርጫው ንግድ ሆነ። ሐ ላይ ያለው ወሬ ይጠቅማል፤ ግን ያጡትን 8 ነፍስ ሙሉ በሙሉ አይተካም። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ሀ ደግሞ ለውጊያ የሚሻለው መንገድ ሆኖ ይቅር። ቀላሉ መንገድ የሚያጓጓ ካልሆነ ከባዱን መምረጥ ምን ትርጉም አለው?

«ክፉ» እና «ደግ» የሚል ነጥብም አትቁጠሩ። ነጥቡን ያየ ሰው ነጥቡን ይጫወታል።

11. ቅርንጫፉን አታብዙ፣ ምልክት ያዙ

አምስት ምርጫ እያንዳንዱ ሦስት መንገድ ካለውና ሁሉንም ለየብቻ ከጻፋችሁ 243 ታሪክ ይሆናል። ማንም አይጨርሰውም። በምትኩ ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ ታሪኩ ወደ አንድ መንገድ ይመለስ፤ ምልክት ብቻ ይቅር። «ጋይዮስ ተከፍቷል»፣ «ልጁ ድንኳን ውስጥ ነው»። 15 ምልክት በቃ።

ሕጉ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ምልክት በሚቀጥለው ውጊያ ሰሌዳው ላይ ይታይ። ከሁለት ውጊያ በኋላ የሚመጣ ውጤት ተጫዋቹ ከምርጫው ጋር አያያይዘውም፤ ዕድል ይመስለዋል።

12. ሰው ጠርታችሁ አስጫውቱ፣ አፋችሁን ያዙ

ያ ምንም ያልነገራችሁት ሰው አሁን ይምጣ። ሕጉን አንዴ ንገሩት፤ ከዚያ ዝም። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ሲሳሳት ማረም ያምራችኋል። አታርሙ። ለማረም የፈለጋችሁበት ቦታ ሁሉ ሕጉ ግልጽ ያልሆነበት ቦታ ነው፤ ጻፉት።

እነዚህን መዝግቡ፦ የት ላይ ረጅም ጊዜ እንዳሰበ፣ የት ላይ ሳያስብ እንዳለፈ፣ ስንት ሰው እንደወደቀበት፣ በየትኛው ተራ ላይ እንደሰለቸው። ካለቀ በኋላ «ወደድከው?» አትበሉ፤ ሰው ላለማስቀየም አዎ ይላል። «ከወታደሮቹ የማን ስም ትዝ ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩና ድገሙት። ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንዳሻሻለው አታውቁም።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ስህተቶች

ተጫዋቹ ካቡ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል፣ ምንም አይንቀሳቀስም። የጭራሮ ተሸካሚዎቹ ጥቂት ናቸው ወይም ዘግይተው ይመጣሉ። በተራ 1 ሁለት አድርጓቸው።

ውጊያው በተራ 4 ይወሰናል፤ የቀረው ማጽዳት ነው። ሦስተኛውን ዙር አጠናክሩ እንጂ የመጀመሪያውን አታክብዱ። መጀመሪያ ላይ የተመታ ሰው ተምሮ ለማስተካከል ጊዜ ያጣል።

ጦሮቹ ሁሉ በተራ 1 ያልቃሉ። ብዙ ጊዜ ከሩቅ መወርወር በጣም ስለቀለለ ነው። በ4 እና በ5 ካሬ ርቀት 6 ብቻ ይምታ በሉ።

ሁሉም ሰው አንድ ምርጫ ይመርጣል። ጽሑፉን አታሳምሩ፤ ዋጋውን ቀይሩ። ሁሉም ልጁን ካስገባ ቀን 3 ሽምብራው 18 ሆኖ ይጀምር። ሁሉም ከመለሰ የጋይዮስ መከፋት በውጊያው ላይ የሚጎዳ አይደለም ማለት ነው፤ ፊት መስመር ላይ የሚያስፈልግ ሰው አድርጉት።

ሰዎች የምርጫውን ውጤት ሲያዩ «ይህን በምን ላውቅ እችል ነበር?» ካሉ ልክ ናቸው። ሉቅዮስ ትእዛዝ ሲጣስ እንደማይወድ ከምርጫው በፊት አንድ ጊዜ አሳዩ። አንድ መስመር ይበቃል። በቀን 1 ዘብ ላይ ያንቀላፋ ወታደር ሲቀጣ አይቶ «ተገቢው ነው» ይበል።

በጣም ብዙ ክፍል መጨመር። ፈረሰኛ፣ ወንጭፈኛ፣ የድንጋይ መወርወሪያ ማማ ይናፍቃችኋል። ይህ ውጊያ በአምስት የተለያዩ ሰዎች ፊት እስኪሠራ ምንም አትጨምሩ። ከዚያ ወንጭፈኛውን መጀመሪያ ጨምሩ፤ ካቡ ኋላ መደበቅን የሚያስተወው እሱ ነው።

አምስት ሰው ተጫውቶት፣ ቢያንስ ሦስቱ የተለያየ ነገር መርጠው፣ ውጊያው ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ውስጥ ካለቀ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ክፈቱ። ጎዶት የሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በካሬ ለተሠራ ሰሌዳም ይመቻል። ደብተሩን አጠገባችሁ አኑሩት። መጀመሪያ የምትጽፉት ኮድ የጋሻው ይሁን፤ ሽምብራውንም በቁጥር ሳይሆን በሥዕል፣ አንድ በአንድ አሳዩት።